ከድምፅ ኮሮጆ እስከ ጦር ሰልፍ፦ የኢጣሊያ ሕዝበ ውሳኔና የበዓሉ ክርክር

ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን በያዘች በአራተኛው ቀን፣ ግንቦት 1 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ሙሶሊኒ በሮም ቬኔትሲያ አደባባይ ሰገነት ላይ ወጥቶ ንጉሡ ቪቶርዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ማዕርግ ለራሱና ለወራሾቹ መያዙን አወጀ። ልክ ዐሥር ዓመት ሲሞላ፣ ግንቦት 1 ቀን 1938 ዓ.ም.፣ ያው ንጉሥ ናፖሊ ላይ ዙፋኑን ለልጁ ለኡምቤርቶ ለቅቆ በመርከብ ወደ እስክንድርያ ሄደ። ዙፋኑን ያስለቀቀው ጸጸት አልነበረም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የኢጣሊያ ሕዝብ ዘውድ ወይስ ሪፑብሊክ ብሎ እንዲመርጥ ቀን ተቆርጦ ስለ ነበር፣ በፋሺዝም ያደፈው አባት ገለል ብሎ ልጁ ዘውዱን እንዲያተርፈው የተወጠነ ዘዴ ነበር።

አባትየው በምን እንዳደፈ ለኢትዮጵያውያን አንባብያን መዘርዘር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ለኢጣሊያውያን ግን የራሳቸው ቂም ነበራቸው (ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1922 ሙሶሊኒን ወደ ሥልጣን የጠራው ይኸው ንጉሥ ነው። በ1938 አይሁድን ከትምህርት ቤትና ከሥራ ያባረሩትን የዘር ሕጎች የፈረመውም እርሱ ነው። በ1943 ጀርመኖች ሮምን ሊይዙ ሲቃረቡ፣ ሠራዊቱን ያለ በቂ ትእዛዝ ትቶ ወደ ደቡብ የሸሸውም እርሱ ነው። እንዲህም ሆኖ ዘውዱ ወዳጅ አላጣም። የበዓሉ ነገር እስከ ዛሬ የከበደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ጁን 2 ቀን 1946 እና በማግሥቱ ጧት ነው። ኮሚኒስቶችና ሶሻሊስቶች ለሪፑብሊክ ቆሙ። የክርስቲያን ዴሞክራቶች ፓርቲ በጉባኤው ሪፑብሊክን ቢመርጥም፣ መራጮቹ እንደ ኅሊናቸው ይስጡ ብሎ ለቀቃቸው። ሴቶች በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ ሲሰጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ኮሪየሬ ዴላ ሴራ የተባለው የሚላኖ ጋዜጣ፣ ሴቶች የከንፈር ቀለም ተቀብተው እንዳይገቡ መክሮ ነበር፤ ወረቀቱ የሚታሸገው በምራቅ ረጥቦ ስለሆነ ቀለሙ ምልክት ትቶ ድምፁን ሊያሰርዝ ይችላል በሚል ሥጋት። በወረቀቱ ላይ በአንድ ወገን የግንብ ቅርጽ ያለው አክሊል የደፋች ሴት ራስ፣ በሌላው ወገን የሳቮያ ንጉሣዊ ቤት ጋሻና ዘውድ ታትመው ነበር። የመምረጥ መብት ካለው ሕዝብ 89 ከመቶው ወጥቶ ድምፅ ሰጠ።

ሪፑብሊኩ 12.7 ሚሊዮን፣ ዘውዱ 10.7 ሚሊዮን ያህል ድምፅ አገኙ። በመቶኛ ሲሰላ 54.3 ለ45.7 ነበር። ቁጥሩ በካርታ ላይ ሲዘረጋ ግን ሁለት አገር ይታያል። ጀርመኖችንና የአገር ውስጥ ፋሺስቶችን በደፈጣ ውጊያ የታገለው ሰሜን ለሪፑብሊክ ሰጠ፤ በትሬንቶ 85 ከመቶው። ከጦርነቱ ቀድሞ የወጣው ደቡብ ግን ዘውዱን መረጠ፤ በናፖሊ የምርጫ ክልል 80 ከመቶ ገደማ። የሮም የምርጫ ክልል ራሱ በጠባብ ብልጫም ቢሆን ያጋደለው ወደ ንጉሡ ነበር። የሪፑብሊኩ በዓል በየዓመቱ የሚከበረው እንግዲህ ሪፑብሊኩን ባልመረጠ ከተማ ነው።

ክርክሩ ውጤቱ ሳይታወጅ ተጀመረ። ዘውዳውያኑ «አብላጫው ከመራጮች ይቆጠር ይላል ሕጉ፤ ስለዚህ ባዶና የተበላሹ ወረቀቶችም በሒሳቡ ይግቡ» ብለው ተሟገቱ። እነዚያ ወረቀቶች አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበሩ። ሰበር ሰሚው ፍርድ ቤት ጁን 18 ቀን ሙግቱን ውድቅ አደረገ። ይህን ያህል የተጮኸበት ሒሳብ በእነርሱው መንገድ ቢሰላ እንኳ ሪፑብሊኩ ከግማሽ በላይ ይዞ ያሸንፍ ነበር። በቁጥር የተረታ ወገን ግን በቁጥር አይጽናናም። ጁን 11 ቀን በናፖሊ ሜዲና ጎዳና ዘውዳውያን የኮሚኒስት ፓርቲውን ጽሕፈት ቤት ሊወርሩ ሲገሰግሱ ፖሊስ ተኮሰ፤ ዘጠኝ ሰዎች ሞቱ። በማግሥቱ ሌሊት የሚኒስትሮች ምክር ቤት የርእሰ ብሔሩን ሥልጣን ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ለአልቺዴ ደ ጋስፔሪ ሰጠ። ኡምቤርቶም መንግሥት የፍርድ ቤቱን የመጨረሻ ቃል ሳይጠብቅ ሥልጣን ነጠቀኝ የሚል የተቃውሞ መግለጫ ትቶ ጁን 13 ቀን ወደ ፖርቱጋል በረረ። የነገሠው 34 ቀን ያህል ነው። ሕዝቡ «የግንቦት ንጉሥ» ይለዋል።

አዲሱ ሕገ መንግሥት ከጃንዋሪ 1948 ጀምሮ ሲጸና በ139ኛው አንቀጽ የሪፑብሊኩ ሥርዓት በማሻሻያ እንዳይነካ ደነገገ። የቀድሞ ነገሥታት፣ ሚስቶቻቸውና ወንድ ተወላጆቻቸው በኢጣሊያ ምድር እንዳይኖሩም ከለከለ። ድንጋጌው አስፈላጊ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። ያስከተለው አንድ ነገር ግን መታየት አለበት። የተዘጋው ጥያቄ መውጫ ሲያጣ በአደባባይ ሥርዓት፣ በሰንደቅ ዓላማ፣ በመቃብርና በበዓል ቀን ዙሪያ ይሽከረከር ጀመር። ናፖሊም በ1952 አኪሌ ላውሮ የተባለውን ዘውዳዊ የመርከብ ባለሀብት ከንቲባ አድርጋ ስትመርጥ ቅሬታዋን በዚያ መንገድ ተናገረች ማለት ይቻላል።

ጁን 2ን ማክበር የተጀመረው በ1947 ሲሆን፣ በ1949 በወጣ ሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ጸና። እንዴት ይከበር? በዓሉ የድምፅ በዓል ነው። ድምፅ ደግሞ አሸናፊና ተሸናፊ አለው፤ ከኢጣሊያውያን ግማሽ ያህሉን «የተረታችሁበትን ቀን እልል በሉ» ማለት አይቻልም። መንግሥት መላውን ያገኘው በጦር ሰልፍ ነው። በ1948 የመጀመሪያው ሰልፍ በሮም ተካሄደ። ትናንት ለንጉሥ የማለው ሠራዊት ዛሬ በሪፑብሊኩ ርእሰ ብሔር ፊት ሲያልፍ፣ የደቡቡ ገበሬም የሰሜኑም ሠራተኛ ልጁን በሰልፉ ውስጥ ያያል። ብልሃቱ ይህ ነበር። ዋጋውም ቀላል አልሆነም። ኮሮጆው፣ የከንፈር ቀለሟን ጠርጋ የገባችው ሴት፣ የሜዲና ጎዳና ሟቾች፣ ሁሉም ከታንኩ ኋላ ተሸሸጉ። የሰላም ወገኖችም «ሕገ መንግሥታችን በ11ኛው አንቀጹ ጦርነትን ይክዳል፤ የምርጫ ወረቀትን በመድፍ ማክበር ምን ይባላል?» እያሉ በየዘመኑ ይሞግታሉ።

ሰልፉ የሚያልፍበት ጎዳና ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከኮሎሴዎ እስከ ቬኔትሲያ አደባባይ የተዘረጋውን ይህን ጎዳና ሙሶሊኒ በ1932 የመረቀው «የኢምፓየር ጎዳና» ብሎ ነው። ዳር ላይ ባለው ጥንታዊ ግንብ የሮምን ግዛት መስፋፋት የሚያሳዩ አራት የእምነበረድ ካርታዎች በ1934 ተለጠፉ። ኢትዮጵያ ከተወረረች በኋላ የፋሺስቱን ግዛት የሚያሳይ አምስተኛ ካርታ ተጨመረ። ከጦርነቱ በኋላ አምስተኛው ተነሣ፤ አራቱ ቀሩ፤ የጎዳናውም ስም ተለወጠ። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በፖርታ ካፔና አደባባይ በ1937 የተተከለው የአክሱም ሐውልት ግን ቆሞ ቀረ። የ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣሊያ የዘረፈችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ቢያስገድዳትም፣ ሐውልቱ ወርዶ የተነሣው በ2003፣ አክሱም የገባው በ2005 ነው። የፋሺዝምን ሎሌ ዘውድ በድምፅ ያሰናበተች ሪፑብሊክ፣ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ልደቷን ያከበረችው በዚያ ዘውድ ስም የተዘረፈውን ሐውልት በጎረቤት አቁማ ነው። ኢጣሊያውያን ስለ ሰልፉ በተከራከሩበት ሁሉ ይህ ጉዳይ ከዋናዎቹ ነጥቦች አንዱ ሆኖ አያውቅም።

በ1976 በፍሪውሊ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ምክንያት ሰልፉ ቀረ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ የሥራ ቀን እንዳይባክን ተብሎ በዓሉ ወደ ጁን የመጀመሪያ እሑድ ተዛወረ። አገር በዓሏን ለቁጠባ ስትል ወደ ዕረፍት ቀን ስትገፋው ቀኑን ምን ያህል እንደምትወድደው ያሳያል። ተቃውሞው ኃይለኛ አልነበረም። ሰልፉም አንዴ እየቀረ አንዴ እየተመለሰ ወደ ሃያ ዓመት ያህል ደብዝዞ ኖረ።

የመለሱት ፕሬዚዳንት ካርሎ አዜልዮ ቻምፒ ናቸው። በ2000 ሰልፉን ወደ ጎዳናው መለሱ፤ በዚያው ዓመት በወጣ ሕግም ጁን 2 ከ2001 ጀምሮ እንደገና የበዓል ቀን ሆነ። ሰሜኑን ከአገሪቱ እንገንጥል የሚል ድምፅ ይሰማ በነበረበት ጊዜ አገርን የሚያስተባብር ቀን መፈለጋቸው ይገባል። ክርክሩ ግን አልበረደም። በ2012 በኤሚሊያ የመሬት መንቀጥቀጥ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎች ሰልፉ ይቅርና ገንዘቡ ለተጎጂዎች ይዋል አሉ። ፕሬዚዳንት ጆርጆ ናፖሊታኖ ሰልፉን ቀለል አድርገው፣ ለሟቾች መታሰቢያ ብለው አካሄዱት። በ2016፣ በ70ኛው ዓመት፣ በመቶ የሚቆጠሩ ከንቲባዎች በሰልፉ ፊት ተራመዱ። በድምፅ የተመረጠ ሰው ከወታደር ቀድሞ የሄደበት ይህ ሰልፍ ለ1946ቱ ቀን ከሌሎቹ ሁሉ ይቀርባል።

በዓሉ የሚጀምረው ፕሬዚዳንቱ በቬኔትሲያ አደባባይ ላልታወቀው ወታደር መቃብር የአበባ ጉንጉን ሲያኖሩ ነው። መቃብሩ ያለበት ግዙፍ ነጭ ሕንፃ ለንጉሡ ለቪቶርዮ ኢማኑኤሌ 2ኛ የተሠራ ሐውልት ነው፤ ከመቃብሩም በላይ ንጉሡ በፈረስ ላይ ተቀምጧል።

በንጉሣውያኑ ላይ የተጣለው እገዳ በ2002 ተነሣ። በዲሴምበር 2017 በእስክንድርያ ተቀብሮ የነበረው የቪቶርዮ ኢማኑኤሌ 3ኛ ዐፅም በአየር ኃይል አውሮፕላን ተጭኖ ኢጣሊያ ሲገባ አገሩ እንደገና ተከፈለ። የአይሁድ ማኅበረሰብ መሪዎች የዘር ሕጎቹን አስታውሰው ተቃወሙ። ከቤተሰቡ መካከል ደግሞ ለምን በሮም ፓንቴዎን፣ የአድዋው ዘመን ንጉሥ ኡምቤርቶ 1ኛ ባረፈበት፣ አልተቀበረም ብለው ያዘኑ ነበሩ። ዐፅሙ የተቀመጠው በፒየሞንቴ፣ በቪኮፎርቴ ቤተ ክርስቲያን ነው። ልጁ ኡምቤርቶ 2ኛ በ1983 በስደት ሞቶ የተቀበረው በፈረንሳይ ምድር፣ በኦትኮምብ ገዳም ነው።