ዘወትር በአራቱም ጎማ የሚነዱ ተሽከርካሪዎች ላይ የማይመሳሰሉ ጎማዎችን ስለመቀየር

ላንድክሩዘር ፕራዶን በመሳሰሉ፣ በተለምዶ «ፉል ታይም ፎር ዊል ድራይቭ» በሚባሉ ተሽከርካሪዎች የሞተሩ ኃይል ዘወትር ለአራቱም ጎማዎች ይደርሳል። ስለዚህ የጎማዎቹ ዙሪያ እኩል መሆን አለበት።

ልኬቱ 265/65 አር 17 የሆነ ጎማ ጥርሱ በ5 ሚሊ ሜትር ሲያልቅ ዙሪያው በ31 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀንሳል፤ በየኪሎ ሜትሩም ከአዲሱ ጎማ 5 ዙር ያህል አብልጦ ይሽከረከራል። ይህን ልዩነት የሚያቻችለው መካከለኛው ዲፈረንሻል በቀጥተኛ መንገድ እንኳ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ይሞቃል፤ ያለጊዜውም ይጎዳል።

ባለንብረቶች የሚከተሉትን ሊፈጽሙ ይገባል፦

1. የአራቱም ጎማዎች ልኬት፣ የምርት ስምና የጥርስ ቅርጽ አንድ ዓይነት መሆኑን ማረጋገጥ፤
2. ልዩነት ከተገኘ አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር፤ የተጎዳው አንድ ጎማ ብቻ ከሆነና የሌሎቹ ጥርስ አምራቹ ከፈቀደው ልዩነት በላይ ካላለቀ በተመሳሳዩ መተካት፤
3. ሲገዙ የምርት ጊዜውን መመልከት፤ ለምሳሌ 2324 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2024ን 23ኛ ሳምንት ያመለክታል፤
4. በተሽከርካሪው መመሪያ መሠረት የጎማዎቹን ቦታ በየጊዜው ማቀያየርና ነፋሳቸውን ማስተካከል።

ልኬቱ የተለየ ስኮርታ በግድ የተገጠመ እንደሆነ እስከ ቅርቡ ጎሚስታ ድረስ ብቻ በዝግታ መንዳት፣ በአስፋልት ላይም መካከለኛውን ዲፈረንሻል አለመቆለፍ ያስፈልጋል።