ከቦታው አፈር የተሠራው የማፑንጉብዌ ሙዚየም

የሊምፖፖ እና የሻሼ ወንዞች በሚገናኙበት፣ ደቡብ አፍሪካ ከቦትስዋና እና ከዚምባብዌ ጋር በምትዋሰንበት ደረቅ ምድር ማፑንጉብዌ የተሰኘ ኮረብታ ይገኛል። አካባቢው የአሸዋ ድንጋይ ገደል፣ የባኦባብ ዛፍና የሞፓኔ ቁጥቋጦ የሚበዛበት ነው። በሞቃታማዎቹ ወራት የሙቀቱ መጠን ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊያልፍ ይችላል። በዚህ ስፍራ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተገነባው ሙዚየምና የጎብኚዎች ማዕከል ዘመናዊ ሕንፃ ከተፈጥሮ መልክዓ ምድር ጋር እንዴት ሊስማማ እንደሚችል ከሚያሳዩ የአፍሪካ ምሳሌዎች አንዱ ነው።

ማፑንጉብዌ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የገነነ መንግሥት መቀመጫ ነበረች። ነዋሪዎቿ ማሽላ እያመረቱና ከብት እያረቡ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ልከው የመስታወት ዶቃና የቻይና ሸክላ ዕቃ ያስመጡ ነበር። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኮረብታው አናት ከሚገኙ መቃብሮች ከወጡት ቅርሶች መካከል ከስስ የወርቅ ቅጠል የተሠራች ትንሽ የአውራሪስ ምስል በይበልጥ ትታወቃለች። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ2003 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ንድፉ የተነሣበት ጥያቄ

በእንዲህ ያለ ቦታ ዋናው ቅርስ ምድሩ ራሱ ነው። ጎብኚው ከየትኛውም ዕቃ አስቀድሞ ሊያየው የሚገባው ኮረብታውን፣ ወንዙንና ሸለቆውን ነው። ስለዚህ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ረጅም ሕንፃ ቢቆም ለማስተዋወቅ የታሰበውን ቅርስ መልሶ ይጋርደዋል። በሌላ በኩል ግንባታውን ያሠራው የደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ድርጅት ሥራው ለአካባቢው ሥራ አጦች ገቢና ሙያ እንዲያስገኝ ይፈልግ ነበር።

የደቡብ አፍሪካው አርክቴክት ፒተር ሪች ለሁለቱም ጥያቄዎች አንድ መልስ ሰጡ፤ ሕንፃው ከቦታው አፈርና ድንጋይ፣ በቦታው ሰዎች እጅ እንዲሠራ አደረጉ። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ጆን ኦክሰንዶርፍ እና የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲው ማይክል ራሜጅ የጣሪያውን ቅርጽ በምህንድስና ስሌት አጠኑ። ወደ 1,500 ካሬ ሜትር የሚሰፋው ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2009 በባርሴሎና በተካሄደው የዓለም የሥነ ሕንፃ ፌስቲቫል የዓመቱ ምርጥ ሕንፃ ተብሎ ተሸልሟል።

ጣሪያው እንዴት ቆመ?

ማዕከሉ ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያም ሆነ ቆርቆሮ አልለበሰም። የሸፈኑት የተቆለመሙ ቅስቶችና ጉልላቶች ናቸው። አሠራሩ በስፔን ካታሎኒያና በሜዲትራኒያን ዙሪያ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት የኖረ ጥበብ ነው። ስስ ጡቦች በጠፍጣፋ ጎናቸው እየተያያዙ፣ በላያቸውም ሁለተኛና ሦስተኛ ንብብር እየተደረበ ቅስቱ ይዘጋል። የመጀመሪያው ንብብር ወዲያው በሚጠነክር ጄሶ ስለሚያያዝ እያንዳንዱ ጡብ በአፍታ ጊዜ ውስጥ ራሱን ይችላል። በዚህም ምክንያት ለኮንክሪት ጣሪያ የሚያስፈልገው ብዙ እንጨት የሚፈጅ ካሳፎርማ ቀርቶ ቅርጹን የሚመራ ቀላል ርብራብ ይበቃል።

የጥንካሬው ምሥጢር ቅርጹ ነው። አፈርና ድንጋይ ሲጫኗቸው ይችላሉ፤ ሲጎትቷቸው ግን ይሰነጠቃሉ። ጠፍጣፋ ጣሪያ ከታች በኩል ስለሚጎተት ፌሮ ያስፈልገዋል። በትክክል የተቀየሰ ቅስት ግን ክብደቱን ሁሉ በመጫን ብቻ ወደ መሬት ያወርዳል። የሸክላ ገንቦ ስስ ሆኖ ሳለ ብዙ ውኃ የሚችለው በሆዱ ጎባጣነት ጭምር መሆኑን ያስተዋለ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል።

ለግንባታው ያስፈለጉት ወደ 200,000 የሚጠጉ ጡቦች እዚያው ተዘጋጁ። የአካባቢው አሸዋማ አፈር ከጥቂት ሲሚንቶ ጋር እየተደባለቀ፣ በእጅ መጭመቂያ እየተጨመቀ፣ ሳይተኮስ እንዲጠነክር ተደረገ። ለመተኮሻ የሚቆረጥ እንጨትም ሆነ ከሩቅ ከተማ የሚጫን ጡብ አላስፈለገም። ጡብ መሥራቱንና ቅስት መገንባቱን የተማሩት በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

የቅስቶቹ ውጫዊ ገጽ ከአካባቢው በተሰበሰበ ድንጋይ ተሸፈነ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው ሕንፃው ከቋጥኞቹ መካከል እንደ አንዱ ይመስላል። ድንጋዩና አፈሩ ወፍራም በመሆናቸው የቀኑን ሙቀት ቀስ ብለው ይወስዳሉ፤ ሌሊት ሲበርድ ደግሞ መልሰው ያወጡታል። በመሆኑም የውስጡ አየር እንደ ውጪው በፍጥነት አይለዋወጥም።

በአዲስ አበባ የተሞከረው ቤት

ይኸው የስስ ጡብ ቅስት ጥበብ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮጵያ ደርሷል። የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ ፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመሆን በአዲስ አበባ አንድ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ሠርቷል። የቤቱ ግድግዳ ከአፈር፣ ወለሉና ጣሪያው ደግሞ ከአፈር ጡብ በተሠራ ቅስት የተገነቡ ናቸው። ዓላማው ከውጭ የሚገባ ብረትና ውድ የሆነው እንጨት ሳይበዛበት ፎቅ መሥራት እንደሚቻል ማሳየት ነበር።

ይሁን እንጂ ማንኛውም አፈር ለዚህ ሥራ አይሆንም። ክረምት ሲጠግብ የሚያብጥ፣ በጋ ላይ የሚሰነጠቅ ዋልካ ብቻውን ለጡብ አይመችም። በሲሚንቶ የሚጠነክር ጡብ አሸዋ የሚያመዝንበትና መጠነኛ ሸክላ ያለው አፈር ይፈልጋል፤ የሲሚንቶው መጠንም አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 በመቶ ነው። ለመጀመሪያ ግምት አፈሩን በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ ከውኃ ጋር መትቶ ማስቀመጥ ይበቃል። አሸዋው አስቀድሞ ከሥር ይዘቅጣል፤ ደለሉ ይከተላል፤ ሸክላው በመጨረሻ ከላይ ይተኛል። የንብብሮቹ ውፍረት የአፈሩን ዓይነት ይጠቁማል። የመጨረሻው ውሳኔ ግን በቤተ ሙከራ ምርመራ መደገፍ አለበት።

ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይጨመራል። የአፈር ግድግዳ ከመሬት ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ መቆም፣ ጣሪያውም ውኃ ከማያስገባ ልባስና ከበቂ መውረጃ ጋር መሠራት ይኖርበታል። የቅስቱ ቅርጽ ያለ መሐንዲስ ስሌት በግምት ሊወጣ አይገባም። ሥራው ብዙ የሰው ጉልበትና ትዕግሥት ይጠይቃል። ወጪው ግን በአመዛኙ ለጉልበትና ለሙያ ስለሚከፈል ገንዘቡ ከአካባቢው ብዙ አይርቅም።

ቅርስ ያለው ወረዳ ወይም ከተማ ሙዚየም ሊሠራ ሲያስብ ጉዳዩ ከመልክ ይበልጣል። በቆላ ምድር በመስታወት የተሸፈነ ሕንፃ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፤ መብራት በጠፋ ቁጥርም ይግላል። የሙቀትና የእርጥበት መለዋወጥ ደግሞ ብራናን ያኮማትራል፣ እንጨትን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ከንድፉ በፊት ፀሐይዋ በየት በኩል እንደምትበረታ፣ ነፋሱና ጎርፉ ከየት እንደሚመጡ፣ በአቅራቢያው ምን ዓይነት ድንጋይና አፈር እንዳለ፣ ሕንፃው ሲጎዳ ማን እንደሚጠግነው መጠየቅ ያስፈልጋል። እነዚህን ጥያቄዎች ከማንም በላይ መመለስ የሚችሉት በቦታው ላይ ሲያርሱና ሲገነቡ የኖሩ ሰዎች ናቸው።