ሺራካዋጎ፦ ገበሬዎች የሚኖሩበት የጃፓን ቅርስ

ጃፓንን የሚጎበኙ ተጓዦች አብዝተው የሚመርጧቸው የባህል ቅርሶች በአመዛኙ የአምልኮ ስፍራዎችና የመሳፍንት ግንቦች ናቸው። በኪዮቶ ከተማ በሺዎች በሚቆጠሩ ቀይ በሮቹ የሚታወቀው የፉሺሚ ኢናሪ መቅደስ እና ነጩ የሂሜጂ ግንብ በቀዳሚነት ይጠቀሳሉ። ከእነዚህ ጎን ስሙ የሚነሳው ሺራካዋጎ ግን መስፍንም መነኩሴም ያልገነባው የገበሬ መንደር ነው።

ሺራካዋጎ የሚገኘው በመካከለኛው ጃፓን፣ በጊፉ ግዛት፣ የሾ ወንዝ በሚያቋርጠው ተራራማ ሸለቆ ውስጥ ነው። ኦጊማቺ የተባለው ዋናው መንደር በጎረቤት ቶያማ ግዛት ከሚገኙት ሁለት የጎካያማ መንደሮች ጋር እ.ኤ.አ በ1995 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የቤቶቹ አሠራር ጋሾ ዙኩሪ ይባላል፤ ለጸሎት የተገጠሙ ሁለት መዳፎችን የመሰለ ማለት ነው። አካባቢው ከባድ በረዶ የሚወርድበት በመሆኑ ጣሪያው እስከ 60 ዲግሪ ድረስ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በረዶውም ተከምሮ ቤቱን ከመጫን ይልቅ ወደ ታች ይንሸራተታል። የጣሪያው እንጨቶች የሚያያዙት በሚስማር ሳይሆን በገመድና በለጋ ቅርንጫፍ ነው። የኦጊማቺ ቤቶች በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጉ በመሆናቸው ነፋሱን በጠባቡ ጎናቸው ይቀበላሉ፤ የጣሪያው ሁለት ገጾችም ፀሐይን በእኩል ያገኛሉ።

ቤቱ መኖሪያ ብቻ አልነበረም። ለእርሻ የሚሆነው መሬት ጠባብ ስለነበር ገበሬዎቹ በየደረጃው በተሠራው ሰፊ ቆጥ ላይ የሐር ትል ያረቡ ነበር። ከወለሉ በታች ደግሞ አፈር፣ ዕፀዋትና የሐር ትል ኩስ እያነባበሩ ለዓመታት በማብላላት ለባሩድ መሥሪያ የሚያገለግለውን ፖታሲየም ናይትሬት ያመርቱ ነበር። ዛሬ ብስባሽ የሚያዘጋጅ ገበሬ መሠረታዊ ሂደቱን አይስተውም፤ ልዩነቱ እነርሱ ከተብላላው አፈር ናይትሬቱን አጥበውና አንጥረው መሸጣቸው ነው። በምድጃው ላይ የሚነደው እሳት ጢስም ወደ ቆጡ እየወጣ ክዳኑን ያደርቃል፣ ነፍሳትን ያርቃል፣ ገመዱንም በጥቀርሻ ያጠነክራል። በሳር ቤት ያደገ አንባቢ ይህን ለማመን ምስክር አያሻውም።

ክዳኑ ካያ ከተባለ እንደ ሰንበሌጥ ረጅም ከሆነ ሣር ይሠራል፤ በ30 እና በ40 ዓመታት መካከልም ይታደሳል። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ይህን ሊወጣው አይችልም። ስለዚህ ዩዊ በተባለው ልማድ ከ100 እስከ 200 የሚደርሱ ሰዎች ተሰባስበው በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይከድኑታል። ማን ምን ያህል ጉልበትና ሣር እንዳዋጣ በመዝገብ ይያዛል፤ ተራው ሲደርስ ይመለስለታል። በዚህ ረገድ ዩዊ ከደቦ ይልቅ ለወንፈል ይቀርባል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ይህ ሁሉ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር። የሐር ገቢው ደረቀ፤ ወጣቶች ወደ ከተማ ፈለሱ፤ በ1961 የተጠናቀቀው የሚቦሮ ግድብ በሸለቆው ላይኛው ክፍል የነበሩ መንደሮችን አሰጠመ። ብዙ ቤቶች ተሸጡ፣ ተነቅለውም ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። የኦጊማቺ ነዋሪዎች በ1971 የራሳቸውን የጥበቃ ማኅበር መሥርተው ሦስት ነገሮች ላይ ተስማሙ፦ አለመሸጥ፣ አለማከራየት፣ አለማፍረስ። መንግሥት መንደሩን በጥብቅ ቅርስነት የከለለው ከዚህ በኋላ በ1976 ነው። ዩኔስኮም ሲመጣ ነዋሪዎቹ ከ20 ዓመታት በላይ ቀድመውታል። በዚህ ጸሐፊ እይታ ከቤቶቹ ውበት ይልቅ ሊጠና የሚገባው ይህ ቅደም ተከተል ነው።

ዝናው ግን የራሱን ሸክም አምጥቷል። ወደ 1,600 የሚጠጉ ሰዎች ወደሚኖሩበት የሺራካዋ ወረዳ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የሚመጣባቸው ጊዜያት አሉ። በበረዶው ወቅት ቤቶቹ በመብራት የሚደምቁባቸውን ምሽቶች ለማየት ከ2019 ጀምሮ ቀድሞ መመዝገብ ግድ ሆኗል። እሳትም የዘወትር ስጋት ነው፤ በመንደሩ ዙሪያ የተተከሉት የውኃ መርጫዎች በየዓመቱ በመጸው በአንድነት ተከፍተው ይፈተሻሉ። በኅዳር 2019 በመኪና ማቆሚያ ስፍራ የነበሩ ጎጆዎች ሲቃጠሉ ዋናዎቹ ቤቶች ተርፈዋል። የክዳን ሥራውም ቢሆን ዛሬ በአመዛኙ በመንግሥት ድጎማና በተከፋይ ባለሙያዎች የሚከናወን ሲሆን፣ በዩዊ የሚከደነው ጣሪያ ጥቂት ነው።

ከታካያማ ከተማ በአውቶቡስ 50 ደቂቃ ገደማ ያስኬዳል። ከትልልቆቹ ቤቶች አንዱ የሆነው የዋዳ ቤት በክፍያ ይጎበኛል፤ ባለቤቶቹ አሁንም በከፊሉ ይኖሩበታል። ሌሎቹ ብዙዎቹ የሰው መኖሪያ ስለሆኑ ሳይፈቀድ ደጃፋቸውን ማለፍ ነውር ነው፤ ሲጋራም ከተመደበለት ስፍራ ውጭ አይጨስም።