ሰሙ ለካሜራ፣ ወርቁ ለማን?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስልካችሁን ፊት ለፊት አቁማችሁ ራሳችሁን ስትቀርጹ የምታወሩት ለማን ነው? ለጓደኛ? ለእናት? ለአለቃ? ወይስ ከአሥር ዓመት በኋላ ለሚያያችሁ፣ ለማታውቁት ሰው?

ይህን ጥያቄ የምሬን ብሎ የያዘ ሰው አለ፤ ማይክል ዌሽ ይባላል። አሜሪካ ውስጥ በካንሳስ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረ አንትሮፖሎጂስት ነው። ቀድሞ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ሄዶ ጽሕፈት ሲገባ የመንደር ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ አጥንቷል። ዩቲዩብ በ2005 (እ.ኤ.አ.) ከተጀመረ በኋላ ደግሞ ፊቱን ወደዚያ አዞረ። ከተማሪዎቹ ጋር ሆኖ ራሳቸውን የሚቀርጹ ሰዎችን አጠና፣ ራሱም ካሜራ ፊት ተቀመጠ። ያገኘውንም በ2008 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተናገረ። ፍሬ ነገሩ ይኸውላችሁ፦ ሰው ቃሉን የሚመርጠው የሚሰማውን ሰው እያየ ነው። ካሜራ ፊት ግን ዓለም ሁሉ ሊሰማ ይችላል፣ የሚታይ ሰው ግን የለም። ዌሽ ይህን «የዐውድ መደርመስ» ይለዋል።

ታዲያ ይሄ ከዓለም ከተማ ጋር ምን አገናኘው? ዓለም ከተማ የጀማን ሸለቆ ወርደን ስንወጣ የምናገኛት የመርሐቤቴ ከተማ ናት፤ የመንዝም ጎረቤት። መንዝ ላይ ደግሞ ከዌሽ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ ሌላ አሜሪካዊ ኖሯል፤ የሶሲዮሎጂ ሊቁ ዶናልድ ሌቪን። «ሰምና ወርቅ» የተባለው መጽሐፉ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ወጣ። እዚያ ላይ አማራው ንግግሩን ድርብ የሚያደርግባቸውን አራት ምክንያቶች ይዘረዝራል፦ ለቀልድ፣ ሰውን በወግ ለመሸርደድ፣ የራስን ጓዳ ከሰው ዓይን ለመከለል፣ ባለሥልጣንን ለመተቸት።

እንግዲህ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ዌሽ በካሜራ ፊት ያየው ችግር ለሰሜን ሸዋ ሰው የቆየ ነው። አዝማሪ ሠርግ ቤት ሲቆም ሙሽራውም፣ ባላንጣውም፣ ጭቃ ሹሙም ፊቱ ተቀምጠዋል። አንዱን ግጥም ለሁሉም ይላል። ሰሙን ሁሉም ይወስዳል፣ ወርቁን የሚመለከተው ብቻ። በደርግ ዘመንም ሳንሱር ያለፈ የፍቅር ዘፈን በየቤቱ ሌላ ትርጉም ይሰጠው የነበረው በዚሁ ጥበብ ነው።

ቪዲዮ ግን አንድ ነገር አበላሸ። በቃል የተባለ ወርቅ አላፊ ነው፤ ካመለጠህ አመለጠህ። የገጠመውም ሰው ሲጠየቅ «እኔ እንዲያ አልወጣኝም» ማለት ይችላል። ቪዲዮ ግን ወደኋላ ይመለሳል። ለአንዱ ያልገባውን ሌላው ከሥሩ ጽፎ ይፈታለታል። መሸሸጊያው ፈረሰ ማለት ነው።

ሙሾን አስቡ። አልቃሿ ስታወርድ የተጣላውን ወንድም፣ አባቱን ሳይጠይቅ የቀረውን ልጅ ነካ ታደርጋለች። የሚገባው ይገባዋል፣ አንገቱን ይደፋል፣ ነገሩ እዚያው ድንኳን ውስጥ ያልቃል። ዛሬ ግን አንዱ ስልኩን ያወጣል፤ «ውጭ አገር ላለችው እህት ይላክላት» ብሎ፣ በቀና ልብ። ለእህት የተላከው ቪዲዮ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ፣ የቤቱ ገመና ሟቹን በስም እንኳ የማያውቅ ሰው መዝናኛ ይሆናል።

አትቅረጹ ማለቴ አይደለም። ባይቀረጽ ስንቱ ግጥም ከባለቤቱ ጋር ይቀበር ነበር፣ በስደት ያለችውም እህት ብቻዋን ታለቅስ ነበር። ግን የሌቪን ሦስተኛ ምክንያት አይረሳ፤ ጓዳን መከለልም ከጥበቡ አንዱ ክፍል ነው። ሰምና ወርቅን ለትውልድ እናቆያለን ብለን ይህንን ካፈረስነው ምኑን አቆየነው?

ስለዚህ ቅረጹ። ከመልቀቃችሁ በፊት ግን አልቃሿን ጠጋ ብላችሁ «እማማ፣ ይሄ ለማን ነው የተባለው?» በሏቸው። «ለቤቱ ነው ልጄ» ካሉ፣ ለቤቱ ይቅር።