ጉና ወርዶ ፎገራ የሚበርድ፣ ማርስ ደርሶ አየር የሚይዘው

እንግዲህ ስሙኝ። የቸኮለ ካለም ይቀመጥ፤ ደብረ ታቦር የሚወጣው መኪና ገና አልሞላም።

ጉናን የማያውቅ ከመካከላችን የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ ነው፤ ርብም ጉማራም ከዚያ ይነሣሉ። አንዱ ከወረታ በሰሜን፣ አንዱ በደቡብ አስፋልቱን አቋርጠው ጣና ይገባሉ። ሐምሌ ላይ ከላይ ሲወርዱ ድንጋይ እያንከባለሉ ነው። ፎገራ ሜዳ ሲደርሱስ? ግድብ ሳያስፈልግ ሜዳው ራሱ ያበርዳቸዋል። ውኃው ይንጣለላል፣ ይሰንፋል፣ ተሸክሞት የመጣውን ደለል እዚያው ይጥላል፤ ሩዛችን የሚበላው እሱን ነው። በ1998 ዓ.ም. ነሐሴ ሜዳው አልበቃ ብሎት ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ያጥለቀለቀበት ጊዜ አለ፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ሌላ ቀን።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ መንኮራኩር ነው፤ ወንዞቹን ሜዳው እንደሚያበርዳቸው፣ ነዳጅ ሳታነድ፣ አየር እየነካች ፍጥነቷን ስለምታበርድ መንኮራኩር። የዘርፉ ሰዎች «ኤሮብሬኪንግ» ይሉታል፤ በአየር ፍሬን መያዝ ማለት ነው።

ማርስ ለመድረስ የተላከ ነገር ጭንቁ መድረስ ብቻ አይደለም፣ እዚያ መቅረትም ነው። በመጣበት ፍጥነት ዝም ካሉት ፕላኔቷን አልፎ ይነጉዳል። ስለዚህ ሞተሩን ወደ ፊት አዙሮ ማንደድ አለበት። ያ ነዳጅ ግን ከምድር ጀምሮ የሚጫን ሸክም ነው፤ ሸክሙ ትልቅ ሮኬት ይጠይቃል፤ ሮኬቱ ደግሞ ኪስ ያራግፋል። ብልሃቱ ታዲያ ይህ ነው፦ ሞተሩን ጥቂት ብቻ አንድዶ በጣም በረዘመ ሞላላ ምሕዋር ውስጥ መግባት፤ ከዚያ በየዙሩ፣ ከፕላኔቷ በጣም በሚቀርቡበት ቦታ፣ የላይኛውን ስስ አየር ነካ እያደረጉ ማለፍ። እዚያ ትንሽ ፍጥነት የጎደላት መንኮራኩር በወዲያኛው በኩል እንደ ቀድሞው ርቃ መውጣት ያቅታታል። ልብ በሉ፤ ፍሬኑ የሚያዘው ታች ነው፣ የሚያጥረው ግን ሩቁ ጫፍ ነው። የጎደለውም ፍጥነት ሙቀት ይሆናል፤ አየሩን ያግላል፣ የመንኮራኩሯንም ገላ ያግላል።

ይህን መጀመሪያ ማን አሰበው? ዋልተር ሆማን የሚባል ጀርመናዊ። የጠፈር ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የኤሰን ከተማ ማዘጋጃ ቤት የግንባታ መሐንዲስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 ወደ ሰማይ አካላት ስለ መድረስ መጽሐፍ አሳተመ። አስቡት፤ አሜሪካዊው ጎዳርድ በፈሳሽ ነዳጅ የሚሠራውን የመጀመሪያ ሮኬት ያስነሣው በዓመቱ፣ በመጋቢት 1926 ነው፤ እሷም ለሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል በርራ ወደቀች። ሆማን ግን እንዲህ ያለ ሮኬት ገና ሳይኖር ከጠፈር የመመለሻውን መንገድ እያሰላ ነበር፤ ተመላሹ ምድርን እየዞረ በየዙሩ አየር ይነካል፣ ምሕዋሩ እያጠረ እያጠረ ይሄዳል፣ በመጨረሻ ይወርዳል አለ። «የፍሬን ሞላላዎች» ብሎም ሰየማቸው። ሰውየው የሞተው በመጋቢት 1945፣ ኤሰን በቦምብ በምትደበደብበት ሰሞን ነው። ስሌቱ ሲሠራበት አላየም።

በተግባር መጀመሪያ የሞከሩት ጃፓኖች ናቸው። «ሂተን» የምትባለዋ መንኮራኩራቸው እ.ኤ.አ. መጋቢት 19 ቀን 1991 ከሰላማዊ ውቅያኖስ በላይ 125 ኪሎ ሜትር ግድም ላይ የምድርን አየር ነካች። የጎደላት ፍጥነት በሴኮንድ 1.7 ሜትር ብቻ ነው። ሩቁ ጫፍ ግን ከ8,600 ኪሎ ሜትር በላይ አጠረ! እኔ ይህን ቁጥር ባሰብኩ ቁጥር ይገርመኛል። በ1993 ደግሞ አሜሪካኖች «ማጀላን»ን በቬነስ አየር ውስጥ 70 ቀን አመላለሷት። ለዚህ ተብላ አልተሠራችም፤ ዋና ሥራዋን ስለ ጨረሰች ብትጠፋም አይቆጭም ብለው ነው የደፈሩት። አልጠፋችም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ናሳ «ማርስ ኦብዘርቨር»ን ማርስ ደፍ ላይ አጣት። ውድ ነበረች። ምትኳ «ማርስ ግሎባል ሰርቬየር» በአነስተኛ ሮኬት እንድትሄድ ተወሰነ፤ ሮኬቱ ትንሽ ከሆነ ነዳጁም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ከመነሻው አየርን ተማምና ሄደች። በኅዳር 1996 ተነሣች። ገና ምድርን እንደ ለቀቀች ከሁለቱ የፀሐይ ፓነሎቿ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ፣ መቆለፊያው ሳይይዝ ቀረ። ለካ የመዘርጊያው ትንሽ ክንድ ተሰብሯል።

ፓነሎቹ ደግሞ አየሩን የሚይዙት እነሱ ናቸው፤ ፍሬኑ ማለት እነሱ ናቸው!

መስከረም 1997 ማርስ ደረሰች፤ አንዱ ዙሯ 45 ሰዓት ይፈጅ ነበር። አየር መንካት ጀመረች። በጥቅምት መጀመሪያ አየሩ ከተጠበቀው ወፈር ብሎ ጠበቃትና የታመመው ፓነል መታጠፍ ከሚገባው በላይ ታጠፈ። ታች ያሉት መሐንዲሶች ምን ያድርጉ? ቢቀጥሉ ሊገነጠል ነው፤ ቢተዉት መንኮራኩሯ ካርታ ልታነሣ በማትችልበት ምሕዋር ልትቀር ነው። ከአየሩ አወጧት፣ ሳምንታት መረመሩ፣ ኅዳር ላይ መለሷት፤ አሁን ግን በቀስታ፣ አየሩ የሚገፋትን ኃይል ከታቀደው ሲሶ ግድም አድርገው። በዚያው ወር በማርስ ደቡብ የአቧራ ማዕበል ተነሣና የላይኛው አየር አበጠ፤ ደግሞ ወደ ላይ ፈቀቅ አደረጓት። በ1998 መግቢያ ያልቃል የተባለው ሥራ በየካቲት 1999 አለቀ። አንድ ዓመት ተጨማሪ! ግን 45 ሰዓት የነበረው ዙር ሁለት ሰዓት ያህል ሆነ፤ እስከ 2006 ድረስም የማርስን ምስል ስትልክ ኖረች።

እንዲህ ዓይነት ዕድል ያልገጠማትም አለች። «ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር» በመስከረም 1999 ስትደርስ ግማሹ ቡድን በፓውንድ፣ ግማሹ በኒውተን ሲያሰላ ኖሮ ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወርዳ ገባች። እዚያ ያለው አየር ፍሬን አይሆንም፤ ያጠፋል። ከሷ በኋላ የሄደችው «ማርስ ሪኮነሳንስ ኦርቢተር» ግን በ2006 አየሩን 426 ጊዜ ተሻግራ 600 ኪሎ ግራም ግድም ነዳጅ ከመሸከም ዳነች።

አንድ ጎረምሳ እዚህ ጠይቆኝ ያውቃል፦ «አባባ፣ የእኛዋ ሳተላይትስ ይህን ታደርጋለች?» ኢቲአርኤስኤስ-1ን ማለቱ ነው፤ 70 ኪሎ የምትመዝነውን፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ታይዩዋን የተወነጨፈችውንና ከእንጦጦ እንድትታዘዝ የተሠራችውን። አታደርግም። ሮኬቱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ካለ ቦታዋ በቀጥታ አስቀምጧታል። ግን አየር እዚያም ጨርሶ አይጠፋም፤ ፀሐይ ስትቆጣ ደግሞ ያብጣል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ስታርሊንክ 49 ሳተላይቶች ገና ዝቅ ባለ ምሕዋር ላይ አስቀምጦ ሳለ የፀሐይ ማዕበል ተነሣና እስከ 40 የሚሆኑት በአየሩ እየተጎተቱ ወረዱ። ማንም ፍሬን ያዙ አላላቸውም። የእኛዋ ከእነሱ እጅግ ከፍ ብላ ነው ያለችው፤ እሷንም ቢሆን አንድ ቀን የሚያወርዳት ያው አየር ነው፤ በዚያ ከፍታ ግን ሥራው በዓመታት የሚቆጠር ነው።