ከወርቅ አጠባ እስከ ቁጥር ወንፊት

በአሶሳና በዙሪያዋ ባሉ ወንዞች ዳር አሸዋ እያጠቡ ወርቅ ማውጣት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ የኖረ ሙያ ነው። ሠራተኛው አሸዋውን ከውኃ ጋር እየናጠ ቀላሉን ያፈስሳል፤ ከባዱ የወርቅ ቅንጣት ከሥር ይቀራል። ይህ የሠፊው ሕዝብ የላብ ፍሬ የሩቅና የቅርብ ገዥዎችን ዓይን ሲስብ መኖሩን ታሪክ ይመሰክራል። የግብጹ ገዥ መሐመድ ዓሊ እ.ኤ.አ. በ1820 ጦሩን ወደ ሱዳን ሲያዘምት ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ የዚሁ አካባቢ ወርቅ ነበር። በ19ኛው ምእት ዓመት ማብቂያ አካባቢው በምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላም ወርቁ በግብር መልክ ወደ ማእከል ይጎርፍ ጀመር።

ይሁን እንጂ በዓባይ መሥመር የተጓዘው ሀብት ወርቅ ብቻ አልነበረም። በጉባ በኩል ከሀገር የሚወጣው ይህ ወንዝ ጉዞውን በሚጨርስበት የሜዲትራኒያን ዳርቻ፣ በእስክንድርያ ከተማ፣ ሌላ ዓይነት አጠባ ይካሄድ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ምእት ዓመት በዚያ ይሠራ የነበረውና ስለ ዓባይ ገባሮችም የጻፈው ኤራቶስቴንስ፣ ቁጥርን እንደ አሸዋ የሚያጠራ «ወንፊት» እንዳበጀ ይነገርለታል። በዚህ ወንፊት ተጠርተው የሚቀሩት ቁጥሮች በትምህርት ቤቶቻችን ብቸኛ ቁጥሮች የሚባሉት ናቸው።

ብቸኛ ቁጥር ከ1 የሚበልጥ ሆኖ፣ ከ1ና ከራሱ በቀር በሌላ ሙሉ ቁጥር ያለ ቀሪ የማይካፈል ነው። 12 ወቄት ወርቅ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራት ወይም ለስድስት ሠራተኞች በእኩል ይከፋፈላል እንበል። 13 ወቄት ከሆነ ግን ወይ አንድ ሰው ይወስደዋል፣ ወይ ለ13 ሰዎች አንድ አንድ ይደርሳል፤ ከዚህ ውጭ ወቄቱ ራሱ ሳይሸረፍ እኩል ድርሻ አይገኝም። ወንፊቱም የሚሠራው እንደሚከተለው ነው። ከ2 እስከ 100 ያሉትን ቁጥሮች ጽፎ 2ን አስቀርቶ ብዜቶቹን መሰረዝ፤ ቀጥሎም የ3ን፣ የ5ንና የ7ን ብዜቶች በተመሳሳይ መንገድ ማጥፋት ነው። ከአራት አጠባ በኋላ 25 ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ይቀራሉ። የተቀሩት ቁጥሮች ሁሉ ከእነዚህ የተገነቡ ናቸው፤ 12 ሁለት ጊዜ 2 በ3 ተባዝቶ እንደሚገኝ ማለት ነው። ከኤራቶስቴንስ ቀደም ብሎ የተነሣው ኤውክሊድም ብቸኛ ቁጥሮች ማለቂያ እንደሌላቸው በማስረጃ አሳይቷል።

«ይህ ሁሉ ምን ይረባል?» የሚለው ጥያቄ ከተማሪዎች በየጊዜው ይሰማል። መልሱን ከሩቅ ሀገር መፈለግ አያስፈልግም፤ ከገዛ ቅርሳችን እናገኘዋለን። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት የእስክንድርያው ፓትርያርክ ድሜጥሮስ የደረሰው ነው የሚባለው ባሕረ ሐሳብ፣ የፋሲካን ዕለት ለማግኘት ሦስት ዑደቶችን ያጣምራል፤ እነዚህም 7ቱ ዕለታት፣ 4ቱ የወንጌላውያን ዓመታትና 19 ዓመት የሚፈጀው የጨረቃ ዑደት ናቸው። 7ና 19 ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ 4ም ከእነርሱ ጋር የጋራ አካፋይ የለውም። ስለሆነም ሦስቱ ዑደቶች እንደገና በአንድነት የሚገናኙት 7 በ4 በ19 ተባዝቶ በሚገኘው በ532 ዓመት ነው። ሊቃውንቱ ዐቢይ ቀመር የሚሉት ይህንኑ ነው። የጨረቃው ዑደት 20 ዓመት ቢሆን ኖሮ ግን 20ና 28 ሁለቱም ለ4 ስለሚካፈሉ ዑደቱ ገና በ140 ዓመት ይደገም ነበር።

አሶሳ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል ጋር የመስጊዱ አዛን ይሰማል። በሠንጠረዥ የሚሰላው የሂጅራ አቆጣጠር ደግሞ 30 የጨረቃ ዓመታትን በአንድ ዑደት ይይዛል። ከእነዚህ ውስጥ 11ዱ አንድ አንድ ቀን ስለሚጨመርላቸው የዑደቱ ቀናት 10,631 ይሆናሉ። ይህ ቁጥር ለ7 ስለማይካፈል አዲሱ ዑደት በቀደመው ዕለት አይጀምርም፤ ወሩና ዕለቱ ተገጣጥመው የሚመለሱት ከ7 ዑደቶች፣ ማለትም ከ210 ዓመታት በኋላ ነው። ከዚህ የምንረዳው ሁለቱ አማኞች በዓላቸውን ለየብቻ ቢያከብሩም የሚገዛቸው የቁጥር ሕግ አንድ መሆኑን ነው።

ነገሩ ባለፈው ዘመን ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 ሪቨስት፣ ሻሚርና አድልማን የተባሉ ሦስት ምሁራን በብቸኛ ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ የመልእክት መቆለፊያ አበጁ። 89ን በ97 አባዝቶ 8,633 ማግኘት የአፍታ ሥራ ነው። 8,633 ከየትኞቹ ሁለት ቁጥሮች እንደ ተገኘ ማወቅ ግን ብዙ ሙከራ ይጠይቃል። ሁለቱ ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ከ300 በላይ አኃዝ ሲኖራቸው፣ የዛሬዎቹ የሒሳብ መኪናዎች ሁሉ ቢረባረቡ እንኳ ፈልቅቀው ሊያወጧቸው አይችሉም። በባንክና በስልክ የሚተላለፈውን ገንዘብና ምስጢር ከሚጠብቁት ቁልፎች አንዱ ይህ ዘዴ ነው። ትናንት በወቄት ይመዘን የነበረው ወርቅ ዋጋው ዛሬ በስልክ ሲተላለፍ ዘበኛው ብቸኛ ቁጥር ሆኗል ማለት ይቻላል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደልና ስሌትን ለሚሊዮኖች አድርሷል፤ ሆኖም ትምህርቱ ከተሰጠባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል በርታና ጉሙዝ አልነበሩም። ከዚያ ወዲህ በክልሉ የአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ማስተማር ተጀምሯል። የቀረው ሥራ ግን ቀላል አይደለም። ብቸኛ ቁጥር በሽምደዳ የሚደረደር ዝርዝር ሆኖ ከቀረ፣ የአሶሳ ልጅ የወንዙን ወርቅ ለሌላ እንዳስረከበ ሁሉ የዘመኑን ቁልፍም አሠራሩን ሳያውቅ ከሌላ እጅ ይቀበላል። መምህሩ የወንፊቱን ምሳሌ ከወርቅ አጠባው፣ የዑደቱንም ከበዓሉ ቢያነሣ፣ የጥበብ ሰውም ይህን ታሪክ በመድረክና በሥዕል ቢያቀርበው፣ ዕውቀቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወርቁን ያጠበው እጅ ቁጥሩንም ማጥራት አያቅተውም።