መቀስ፦ ዘመዶቹን ትቶ የመጣ ቃል

በልብስ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ መርፌና መቀስ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ሁለቱም የሥራ መሣሪያዎች ናቸው፤ ስማቸውም በ«መ» ይጀምራል። ለጆሮ የአንድ ቤት ልጆች ይመስላሉ። የዘር ሐረጋቸው ሲቆጠር ግን አንዱ የቤት ልጅ፣ ሌላው እንግዳ ሆኖ ይገኛል።

መርፌ የግዕዙ «መርፍእ» ነው። «ረፍአ» ሰፋ ማለት ስለሆነ መርፍእ መስፊያ ነው። ከጠረበ መጥረቢያ፣ ከከተፈ መክተፊያ እንደሚወጣው ሁሉ፣ «መ» ከግስ የመሣሪያ ስም ታወጣለች። መቀስን በዚሁ መንገድ ወደ ግሱ ልመልስ የሚል ሰው ግን የሚያገኘው «ቀሰሰ»ን ነው፤ ትርጉሙም ቄስ ሆነ ማለት ነው። ከጨርቅም ከፀጉርም ጋር አይገናኝም።

ግሱ ያለው በዐረብኛ ነው፤ «ሰ» ጠብቃ ስትነበብ «ቀሰ» ቆረጠ ማለት ነው፤ «ሚቀስ»ም መቁረጫው። ቃሉ ከጥንቱ የጋራ ሴማዊ ምንጭ ለሁለቱም የወረደ ይሆን? ድምፁ እንዲህ እንዳይባል ይመሰክራል። በውርስ ቃላት ውስጥ ሷድ የሚባለው የዐረብኛ ፊደል በግዕዝ «ጸ» ሆኖ ይመጣል፦ ዐረብኛው «ሲድቅ» ሲል ግዕዝ «ጽድቅ»፣ ዐረብኛው «ኢስበዕ» ሲል ግዕዝ «አጽባዕት» (ጣት) ይላል። መቀስም ውርስ ቢሆን ኖሮ በ«ጸ» በተጠራ ነበር። በ«ሰ» መጠራቱ በውሰት መግባቱን ያሳያል።

በሀገሩ ይህ ቃል ብዙ ዘመድ አለው። «ቀሰ» መቁረጥ ብቻ ሳይሆን ዱካ መከተልና መተረክም ነው፤ «ቂሳ» ታሪክ ነው፤ የቁርኣን 28ኛው ምዕራፍም «አል-ቀሰስ»፣ ማለትም ታሪኮቹ፣ ይባላል። በ10ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የመዝገበ ቃላት ሊቅ ኢብን ፋሪስ የእነዚህን ሁሉ ሥር «መከተል» ያደርገዋል። ተራኪ የነገርን ዱካ ይከተላል፤ ፀጉር የሚቆርጥም አንዷን ፀጉር ከእኅቷ ጋር ስለሚያስተካክል፣ አንዷ ሌላዋን የተከተለች ትመስላለች። ዛሬ ይህን ማብራሪያ ሁሉም ባይቀበለውም፣ መቁረጫና ተረት በአንድ ሥር ፊደላት መጻፋቸው ግን አይካድም። በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው፤ «ሚስፓራይም» መቀስ፣ «ሲፑር» ታሪክ ነው።

ቃሉ ሲሰደድ በየደረሰበት የተለየ ልብስ ለብሷል። ቱርክኛ «ማካስ» አለው። ሃውሳ የዐረብኛውን መስተአምር «አል» ሳይቀር ይዞ «አልማካሺ» አለው። ስዋሂሊ ደግሞ «ምካሲ» ብሎ ከተቀበለው በኋላ፣ የመጀመሪያዋን «ም» የራሱ የስም ቅጥያ አድርጎ ቆጠራትና ለብዙ ቁጥር «ሚካሲ» አለ። አማርኛ ምንም መለወጥ አላስፈለገውም፤ «መ» ከጥንትም የራሱ ነበረችና እንግዳው ሳይታወቅበት ገባ።

የእንግሊዝኛው «ሲዘርስ» ታሪክ የዚህ ግልባጭ ነው። ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ «ሲዟር» የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ ቆረጠ የሚለው የላቲን «ካይዴሬ» ነው። በኋላ ጸሐፊዎች ቀደደ ከሚለው ከሌላው የላቲን ግስ «ስኪንዴሬ» ጋር አዛመዱት፤ ከመነሻው ላይም የማይነበብ ፊደል ጨመሩበት። እንግሊዝኛ ለቃሉ የሐሰት ዘመድ ሰጠው፤ አማርኛ ደግሞ እውነተኞቹን ዘመዶች ሳይቀበል ቃሉን ብቻ ተቀበለ።

ባዕድ ቃል ይውጣ የሚሉ ሰዎች በመቀስ ፈንታ «መቁረጫ» ይበቃል ሊሉ ይችላሉ። ግን ቢላዋም መቁረጫ ነው። መቀስ ደግሞ በአማርኛ የራሱን ኑሮ መሥርቷል፤ ኳስ ተጫዋች ጀርባውን ወደ መሬት ሰጥቶ በአየር ላይ ሲመታ «የመቀስ ምት» ይባላል። ጠንከር ያለ አገልግሎቱ ግን «የሳንሱር መቀስ» የሚለው ነው። በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ዐዋጅ ቅድመ ምርመራን እስኪያስቀር ድረስ፣ የኢትዮጵያ ደራሲ ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት የሚያልፍበት መቀስ ነበር።

ዐረብኛም የሳንሱርን መቀስ በዚያው ቃል ይጠራዋል። በዚያ ግን ተረቱና ተረቱን የሚቆርጠው መሣሪያ በአንድ ሥር ፊደላት ስለሚጻፉ፣ ምጸቱ ከቃሉ ውስጥ ይሰማል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አይሰማም፤ ቃሉ ድንበር ሲሻገር «ቂሳ»ን ትቶ መጥቷልና። ደራሲዎቹ ግን መቀሱ የሚያርፈው በታሪክ ላይ እንደሆነ ሥርወ ቃል ሳይነግራቸው ያውቁት ነበር።